ስፓኒሽ ሦስትን ልተወው?

የእህቴ ልጅ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ባለ ሃይስኩል አሥረኛ ክፍል ናት። በየካቲት አንድ ቅዳሜ፣ የሚቀጥለውን ዓመት የኮርስ መምረጫ ቅጽ ይዛ ቤቴ መጣች። ቅጹ ሰባት መስመር አለው። ስድስቱን ሞልታለች። ሰባተኛው ላይ “ስፓኒሽ 3” ብላ በእርሳስ ጽፋ፣ አጥፍታ፣ መልሳ ጽፋለች። ወረቀቱ እዚያ ቦታ ላይ ሳስቷል።

“አክስቴ፣ ሁለት ዓመት ከተማርሽ ይበቃል ይላሉ። ልተወው?”

እናቷ ቡና እየቆላች ነበር። ከማዕድ ቤት ሆና ጣልቃ ገባች። “ቆይ እስቲ፣ አማርኛውስ? ልጅቷ እኮ ከእንግሊዝኛ ሌላ ቋንቋ አላት። እሱ አይቆጠርላትም?”

አሜሪካ ልጅ የሚያሳድግ የእኛ ሰው እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች አንድ ቀን ቤቱ ይመጣሉ። እኔም በራሴ ልጆች አልፌባቸዋለሁ። የመጀመሪያውን በጊዜ ደረስኩበት። ሁለተኛውን ግን ያወቅኩት ትልቁ ልጄ ሊመረቅ ሁለት ወር ሲቀረው ነው፤ አርፍዷል። ስለዚህ የማውቀውን በዝርዝር ልጻፈው።

የመመረቂያውና የመግቢያው በር

ብዙ ወላጅ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሃይስኩል ለመጨረስ የሚጠየቀው ሌላ፣ ኮሌጅ ለመግባት የሚጠየቀው ሌላ ነው። የትምህርት ቤቱ አማካሪ፣ ካውንስለሩ፣ “ለመመረቅ ምንም አይጎድልህም” ሲል ስለ መጀመሪያው በር ብቻ እየተናገረ ሊሆን ይችላል።

ቨርጂኒያን እንውሰድ። እዚያ ስታንዳርድ የሚባለውን ዲፕሎማ የውጭ ቋንቋ ሳይማሩ መያዝ ይቻላል። አድቫንስድ ስተዲስ የሚባለው ግን አንድን ቋንቋ ሦስት ዓመት፣ ወይም ሁለት ቋንቋዎችን ሁለት ሁለት ዓመት መማር ይጠይቃል። ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ለመመረቅ ራሱ ሁለት የቋንቋ ክሬዲት፣ ማለትም የሁለት ዓመት ትምህርት፣ ያስፈልጋል። ሜሪላንድ ደግሞ ቋንቋውን በሙያ ፕሮግራም ተክቶ መመረቅ ይፈቅዳል። ያንን መንገድ የመረጠ ልጅ ዲፕሎማውን በክብር ይቀበላል። ኮሌጅ ፓርክ ላለው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ሲያመለክት ግን የሁለት ዓመት የውጭ ቋንቋ ይጠየቃል፤ እሱ ጋ የለም።

ሌሎቹም የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከዚህ ብዙ አይርቁም። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ቅርንጫፎች ሁሉ ቢያንስ ሁለት ዓመት ይጠይቃሉ፤ ሦስት ቢሆን ይመረጣል ይላሉ። ሲያትል ያለው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ሁለት ይላል። ጆርጂያ ሁለት ዓመት የአንድ ቋንቋ ትምህርት ይጠይቃል፤ በምትኩ የአሜሪካ የምልክት ቋንቋ ወይም ኮምፒውተር ሳይንስ ይቀበላል። የምልክት ቋንቋን ሌሎችም ብዙ ቦታዎች እንደ ማንኛውም ቋንቋ ይቆጥሩታል፤ ይህን የማያውቅ ሰው ብዙ ነው።

እነዚህ የወለል ቁጥሮች ናቸው። ከወለሉ በታች የሆነ ልጅ ሌላው ውጤቱ ምንም ያህል ቢያምር ማመልከቻው ላይ ችግር አለበት። እዚህ ላይ የውጭ ቋንቋ “ይረዳል” ማለት እንኳ ያንሰዋል። ከሌለ በሩ ሊዘጋ ይችላል።

“እንመክራለን” ሲሉ

ለመግባት ከባድ ወደሆኑት ዩኒቨርሲቲዎች ስንሄድ አነጋገሩ ይለወጣል። “ግዴታ ነው” አይሉም፤ “እንመክራለን” ይላሉ። ኤምአይቲ ሁለት ዓመት ይመክራል። ስታንፎርድ ሦስትና ከዚያ በላይ። ሃርቫርድና ፕሪንስተን ደግሞ የአንድ ቋንቋ አራት ዓመት።

እኔ ይህን “እንመክራለን” በቁም ነገር ነው የምወስደው። እነዚህ ዩኒቨርሲቲዎች በየዓመቱ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ማመልከቻ ይደርሳቸዋል፤ የሚቀበሉት ጥቂቱን ነው። ምክሩን የፈጸመ ልጅ ብዙ አለ። ያልፈጸመ ልጅ ምክንያት ሊኖረው ይገባል።

ምክንያት ደግሞ አለ። ማመልከቻውን የሚያነበው ሰው ትራንስክሪፕቱን፣ ማለትም የኮርስና የውጤት ዝርዝሩን፣ ብቻ አይደለም የሚያየው። ሃይስኩሉ የሚልከው ሌላ ወረቀት አለ፤ ስኩል ፕሮፋይል ይባላል። እዚያ ላይ ትምህርት ቤቱ ምን ምን ኮርስ እንደሚሰጥ ተዘርዝሯል። ትምህርት ቤቱ ስፓኒሽን እስከ ሦስት ብቻ የሚሰጥ ከሆነ፣ ልጁ አራተኛውን ባለመውሰዱ ማንም አይወቅሰውም። ስፓኒሽ አራትና ኤፒ ስፓኒሽ (ኤፒ የሚባለው በኮሌጅ ደረጃ የሚሰጥ የሃይስኩል ኮርስ ነው) እያሉ ከሁለተኛው ላይ ያቆመ እንደሆነ ግን ይታያል። ዋናው ጥያቄ “ከነበረህ ነገር ምን ያህሉን ተጠቀምክበት?” ነው።

አንድ ጠቃሚ ነገር ልንገራችሁ። አብዛኞቹ ዩኒቨርሲቲዎች በየዓመቱ ኮመን ዳታ ሴት የሚባል ሰነድ ያወጣሉ። የዩኒቨርሲቲውን ስምና ይህን ቃል ጎግል ላይ መጻፍ ነው። ሲ5 የሚለው ክፍል ላይ በየትምህርቱ ስንት ዓመት ግዴታ፣ ስንት ዓመት እንደሚመከር በሰንጠረዥ ተቀምጧል፤ የውጭ ቋንቋም አንድ መስመር አለው። ሲ7 ላይ ደግሞ ለመግቢያ የትኛው ነገር ምን ያህል እንደሚመዝን ተጽፏል። በሠርግና በለቅሶ ቤት ከምንሰማው ወሬ ይልቅ ይህን ማየት ይሻላል። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

የትኛው ቋንቋ?

“ቻይንኛ ቢማር ይበልጥ ይታይለታል” የሚል ወሬ አለ። “ላቲን ለሕክምና ይጠቅማል” የሚልም አለ። ልጁ ቻይንኛ ከወደደ ይማር፤ ግሩም ነው። ለመግቢያ ብሎ ግን ከስፓኒሽ የተሻለ ቋንቋ የለም፣ ከስፓኒሽ ያነሰም የለም። ዩኒቨርሲቲዎቹ የሚጠይቁት “አንድ ቋንቋ” ብለው ነው። አንዱን ይዞ መዝለቅን ይፈልጋሉ።

ትልቁ ስሕተት መዝለል ነው። ዘጠነኛ ላይ ፈረንሳይኛ፣ አሥረኛ ላይ ስፓኒሽ፣ ከዚያ መምህሯ ጥሩ ናት ስለተባለ ጃፓንኛ። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም ይባል የለ? ሦስት ዓመት ተምሮ ሦስት ጊዜ ጀማሪ የሆነ ልጅ፣ ሁለት ተከታታይ ዓመት ለሚጠይቅ ዩኒቨርሲቲ አንዱንም አላሟላም።

ውጤቱም ይቆጠራል። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ለምሳሌ ከሲ በታች የሆነን ኮርስ ለመግቢያ መስፈርቱ አይቆጥርም። በሌላ በኩል ግን ደግ ሕግ አለው። ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል የተወሰደ ቋንቋ ይያዛል፤ በደረጃ ስለሆነ የሚቆጠረው፣ ስፓኒሽ ሦስትን በጥሩ ውጤት የጨረሰ ልጅ ሦስት ዓመት እንደተማረ ይታያል። ስለዚህ ትንሹ ልጅ መካከለኛ ደረጃ ላይ የቋንቋ ክፍል ከተሰጠው እንዳትከለክሉት። ኋላ ላይ ቦታ ይከፍትለታል።

የእህቴን ልጅ መጀመሪያ የጠየቅኳት “በስፓኒሽ ምትክ ምን ልትወስጂ ነው?” ብዬ ነው። መልሱ እዚያ ውስጥ ነው ያለው። ኢንጂነሪንግ የሚፈልግ ልጅ ስፓኒሽ ሦስትን ጨርሶ፣ አራተኛውን ትቶ ኤፒ ፊዚክስ ቢወስድ፣ ማመልከቻውን የሚያነበው ሰው ሐሳቡን ይረዳዋል። ከባዱን በከባድ ነው የለወጠው። እሷ ግን ያሰበችው ነፃ ሰዓት ነበር። ጓደኞቿ በዚያ ሰዓት ካፍቴሪያ ይቀመጣሉ። እውነቱን ስለነገረችኝ ወደድኳት። ከሁለተኛው ዓመት ላይ አቁሞ በነፃ ሰዓት መተካት ግን ትራንስክሪፕቱ ላይ እንደ ባዶ ወንበር ይታያል።

አማርኛውስ?

አሁን ወደ እናቷ ጥያቄ። ይህኛው ለእኛ ከሁሉም ይበልጣል፤ ከሁሉም በላይ የምናባክነውም እሱን ነው።

በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል። የአሜሪካ መንግሥት ዲፕሎማቶቹን በሚያሠለጥንበት ተቋም፣ አንድ ሰው አማርኛን በሥራ ደረጃ እንዲችል 44 ሳምንት፣ 1,100 የክፍል ሰዓት ይመደብለታል። ቤታችን ያለው ልጅ ይህን ከእናቱ ጉያ ነው ያገኘው። ትራንስክሪፕቱ ላይ ግን ቦታው ባዶ ነው፤ ምክንያቱም ማንም አልፈተነውም። ኮሌጅ የሚያየው የተጻፈውን ነው።

የሚጻፍበት መንገድ አለ። አንደኛው በፈተና ክሬዲት ማግኘት ነው። የእኛ ሰው በብዛት በሚኖርባቸው አካባቢዎች ይህ የታወቀ ነገር ነው። ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ ፌርፋክስና አርሊንግተን ካውንቲዎች አማርኛ የሚችሉ ተማሪዎች ተፈትነው የቋንቋ ክሬዲት የሚያገኙበት ፈተና አላቸው። ዋሽንግተን ግዛት፣ ሲያትልና አካባቢዋ ደግሞ፣ ልጁ ባመጣው ደረጃ ከአንድ እስከ አራት ክሬዲት ይሰጣል። አራት ክሬዲት ማለት የአራት ዓመት የሃይስኩል ቋንቋ ማለት ነው። አንድም ቀን ክፍል ሳይገባ።

ሁለተኛው ሲል ኦፍ ባይሊተረሲ የሚባለው ነው፤ ዲፕሎማ ላይ የሚታተም የሁለት ቋንቋ ማኅተም። ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ2011 በሕግ ጀመረችው፤ ዛሬ በየግዛቱ ተስፋፍቷል። እንግሊዝኛንና ሌላ ቋንቋን መናገር ብቻ ሳይሆን ማንበብና መጻፍ መቻልን ያረጋግጣል። አማርኛን የሚፈትኑ ዕውቅና ያላቸው ፈተናዎች አሉ፤ ስታምፕ የሚባለው አንዱ ነው። ኤፒ ፈተና ግን በአማርኛ የለም።

ማኅተሙ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። የሚሰጠው በምረቃ ጊዜ ነው። የኮሌጅ ማመልከቻ ግን የሚላከው በዚያው የትምህርት ዓመት መጀመሪያ ላይ ነው። ለመግቢያ እንዲረዳ ከተፈለገ ልጁ አሥራ አንደኛ ክፍል ላይ መፈተን አለበት፤ ያኔ ውጤቱን ይዞ ያመለክታል። የእኔ ልጅ ላይ የደረሰው ይኸው ነው። የመጨረሻው የሃይስኩል ዓመቱ ሊያልቅ ሲል አንዲት እናት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነገረችኝ። ከዚያ በፊት የነገረኝ ሰው አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ጠይቁ። ካውንስለሩን “በአማርኛ ተፈትኖ ክሬዲት ማግኘት ይችላል ወይ? መቼ ነው የሚመዘገበው?” በሉት። ካላወቀ የካውንቲውን የቋንቋ ክፍል ጠይቁ።

ፊደል ላይ የሚወድቁት

አሁን ልቤን የሚነካው ነገር። ልጆቻችን ይህን ፈተና ሲወስዱ መናገሩ ላይ አይቸገሩም። የሚቸገሩት መጻፉ ላይ ነው።

የጎረቤቴ ልጅ ሲለማመድ አጠገቡ ተቀምጬ ነበር። የመናገሩን ክፍል በደስታ ጨረሰው። ስለ ገና በዓል አወራ፤ ዶሮው፣ አያቱ ከአዲስ አበባ የሚደውሉት ስልክ፣ ሁሉም ቁልጭ ብሎ ወጣ። ቀጥሎ “ስለ ሰፈርህ አንድ አንቀጽ ጻፍ” የሚል መጣ። ጣቱ ኪቦርዱ ላይ ቆመ። ‘ሰ’ን አገኘ። ‘ፈ’ን አገኘ። ‘ር’ን ለማግኘት ግን “ረ፣ ሩ፣ ሪ፣ ራ፣ ሬ፣ ር” እያለ ከመጀመሪያው ቆጠረ። አንድ ቃል፣ ሦስት ፊደል፣ ሁለት ደቂቃ።

ይህ ልጅ ሰነፍ አይደለም። ፊደሉን ሰንበት ትምህርት ቤት በስድስት ዓመቱ ቆጥሯል። ከዚያ ወዲህ የጻፈበት ቀን የለም። ቤት ውስጥ በአማርኛ ያናግሩታል፤ መልእክት ሲልኩለት ግን በላቲን ፊደል ነው፣ እኛው ራሳችን። መፍትሔው ከዚያው ይጀምራል። ስልኩ ላይ የአማርኛ ኪቦርድ ይጫን። በቀን አንድ መልእክት በፊደል ይላላክ። ‘ሀ’ይሁን ‘ሐ’፣ ‘ሰ’ ይሁን ‘ሠ’ ብሎ አይጨነቅ፤ ሐሳቡ መድረሱ ይቅደም። ሦስት አራት ወር እንዲህ ያደረገ ልጅ ፈተናው ላይ ሌላ ሰው ነው።

ይህ ማመልከቻው ላይም ይታያል። አብዛኞቹ ልጆች የሚሞሉት ኮመን አፕ የሚባለውን ቅጽ ነው። እዚያ ላይ ስለ ቋንቋ የሚጠይቅ ቦታ አለ። ከቋንቋው ስም ጎን ትንንሽ ሳጥኖች አሉ፤ የመጀመሪያ ቋንቋ፣ መናገር፣ ማንበብ፣ መጻፍ፣ ቤት ውስጥ የሚነገር። የእኛ ልጆች አብዛኛውን ጊዜ “መናገር” እና “ቤት ውስጥ” ላይ ምልክት ያደርጋሉ። “ማንበብ” እና “መጻፍ” ባዶ ይቀራሉ።

በዚያው ቅጽ ላይ ከትምህርት ውጭ የሚሠሩ ነገሮች የሚዘረዘሩበት ክፍልም አለ። አሥር ቦታ አለው፤ ከአማራጮቹ አንዱ የቤተሰብ ኃላፊነት ነው። አያቱን ሐኪም ቤት እየወሰደ የሚያስተረጉም ልጅ፣ የቤት ኪራይ ውልና የኢንሹራንስ ደብዳቤ ለወላጆቹ የሚያነብ ልጅ፣ ይህን እንደ ሥራ አይቆጥረውም። “ማሚን ነው የረዳሁት” ይላል። ይጻፈው። ስንት ዓመት እንዳደረገው፣ በሳምንት ስንት ሰዓት እንደወሰደበት ይጻፍ። ክለብ ፕሬዚዳንት ከመሆን አያንስም፤ እንደ እኔ ይበልጣል።

አማርኛው ከተቆጠረ ስፓኒሹ ይቅር ማለት ነው? ሁለት ዓመት ብቻ ለሚጠይቅ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ፣ በፈተና የተገኘው ክሬዲት መስፈርቱን ሊሞላ ይችላል፤ ግን ዩኒቨርሲቲው በፈተና የተገኘ ክሬዲት ይቀበል እንደሆነ አስቀድሞ በኢሜይል ማረጋገጥ ነው፣ መልሱንም ማስቀመጥ። የከባዶቹ በር ላይ ላለ ልጅ ግን አማርኛው ስፓኒሹን ባይተካው እመርጣለሁ። ሁለቱም ይኑሩት። አንዱ ከቤት ያመጣው፣ አንዱ ክፍል ገብቶ የለፋበት።

በቅርብ ለመጡት

አሥረኛ ወይም አሥራ አንደኛ ክፍል ላይ ከኢትዮጵያ የመጡ ልጆች ሌላ ጭንቀት አለባቸው። የእንግሊዝኛ ድጋፍ ክፍሉ ሰዓታቸውን ይወስደዋል፤ ለስፓኒሽ ቦታ አይተርፍም። እነሱ የሚያስፈልጋቸው የአገር ቤት ካርዳቸው ነው። አማርኛን እንደ ትምህርት ወስደው ያለፉበት ማስረጃ ብዙ ቦታ ይጠቅማል። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ለምሳሌ ከስድስተኛ ክፍል ጀምሮ ሁለት ዓመት ያህል ከእንግሊዝኛ ሌላ በሆነ ቋንቋ የተማረን ተማሪ የቋንቋውን መስፈርት እንዳሟላ ይቆጥርለታል። ስለዚህ ከአገር ቤት ሲወጡ የስምንተኛውን ብቻ ሳይሆን የየዓመቱን ካርድ ማኅተም አስደርጎ መያዝ ነው። እዚህ ሆኖ ማስላክ ወራት ይወስዳል።

አንድ ነገር ልጨምር። ቋንቋው ከመግቢያ በኋላም ገንዘብ ያድናል። ብዙ ኮሌጆች ለዲግሪው ራሱ ቋንቋ ይጠይቃሉ። ኤፒ ስፓኒሽ ላይ ጥሩ ውጤት ያመጣ፣ ወይም የምደባ ፈተናውን ያለፈ ልጅ ከዚያ ነፃ ይሆናል ወይም ክሬዲት ያገኛል። የኮሌጅ አንድ ኮርስ ዋጋው ስንት እንደሆነ የከፈለ ያውቀዋል። አማርኛን የሚያስተምሩ ዩኒቨርሲቲዎችም አሉ፤ ሃዋርድና ሃርቫርድ ከነሱ ውስጥ ናቸው።

የእህቴ ልጅ ቅጹን ሰኞ መለሰች። ሰባተኛው መስመር ላይ ስፓኒሽ 3 በእስክሪብቶ ተጽፏል። ለአማርኛው ፈተና በሚቀጥለው ዓመት ልትመዘገብ ነው። እናቷ በቀን አንድ መልእክት በፊደል ትልክላታለች፤ እሷም በፊደል ትመልሳለች። ትናንት የመጣው መልስ “ማሚ እራት ምንድነው” ይላል። አራት ደቂቃ ፈጅቶባታል።